የዳኛው ቀኝ እጅ

ፍሎረንስ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1851

ለአክስቴ ልጅ ለዛዶክ፣

እኔ ኤሌክታ ስታርክዌዘር፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ ጤናዬ የተሟላ፣ ምላሴ ደግሞ አባቴ እንደሚሉት ከሚገባው በላይ የተሟላ፣ በሰማይና በምድር ፊት ኃጢአቴን እናዘዛለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ከቦስተን የመጡ አንዲት ወይዘሮ በአባቴ የሥራ ቤት ጥግ የወደቀ የተሰበረ የጀሶ እግር አይተው «ይሄ የማን ነው?» ቢሉኝ፣ «የቄሳር ነው» አልኳቸው። ወይዘሮዋ ጓንታቸውን አወለቁ፣ ተንበረከኩ፣ አውራ ጣቱን ሳሙት። እግሩ የዓሣ ሻጩ የጁሴፔ ነው። ይኸው ተናዘዝኩ፤ ቀለለኝ።

ስለ አባቴ ጤና ጠይቀሃል። ደህና ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «በሚመጣው ዓመት አገሬ እገባለሁ» እያሉ በጣም ደህና ናቸው። እናንተ እዚያ ፔልተን ተቀምጣችሁ፣ ታላቁ ቀራፂ እብነ በረድ ሲፈልጡ ነው የሚታያችሁ አይደል? አዝናለሁ። አባቴ መሮ የሚጨብጡት ደጃፋችን ላይ ሰረገላ ሲቆም ብቻ ነው። እሳቸው በጭቃ ያበጃሉ፤ ጭቃው ወደ ጀሶ ይገለበጣል፤ ጀሶውን እያየ እብነ በረዱን የሚጠርበው ኦሬስተ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ነው። እዚህ ያለ ቀራፂ ሁሉ እንዲሁ ነው፣ ነውር የለውም። ነውሩ የሚመጣው ከእንግዳ ጋር ነው። እኔ በመስኮት አይቼ ሁለቴ ሳስል፣ ኦሬስተ መዶሻውን ጥሎ ወደ ጓሮ ይወጣል፤ አባቴ የከፋይ ቆባቸውን ይደፋሉ፤ ከወለሉ የእብነ በረድ ዱቄት ዘግነው ትከሻቸው ላይ ይነሰንሳሉ፤ ግንባራቸውን በውሃ ያረጥባሉ። ላብ መሆኑ ነው። እንግዶቹ ሲገቡ «አቤት! አልሰማኋችሁም!» ይላሉ። አንድ ቀን ሳላስል ብቀርስ እያልኩ አስባለሁ።

አሁን ግን እውነተኛ ሥራ መጥቷል። የእናንተው ኮሚቴ የሟቹን የዳኛ ፔሌግ ታትልን የሙሉ ቁመት ሐውልት ፍርድ ቤቱ ፊት ያለው ሣር ላይ እንዲያቆሙለት አባቴን መርጧል። (ደብዳቤውን የገለበጥከው አንተ ነህ፤ ጽሕፈትህን አውቀዋለሁ። በአንድ ገጽ ሰባት «ክቡር»! ክንድህ አልደከመም?) አባቴ ዕድሜያቸውን የፈጁት የመንገደኛ ነጋዴዎችን ጭንቅላት ሲሠሩ ነው። ይህ ሐውልት ቆሞ ሕዝቡ ከወደደው፣ የድሃ ገበሬ ልጅ ሆነው የወጡባት ፔልተን በሙዚቃ ባንድ ትቀበላቸዋለች። ሌላ ምኞት የላቸውም። ደብዳቤውን ሲጨርሱ አለቀሱ። እኔ ሳቅኩ፤ ግን ቀስ ብዬ።

የዳኛው ሚስት የላኩት ፎቶግራፍም ደርሶናል፤ ያ በብር ቅብ ሰሌዳ ላይ የሚነሳው። አባቴ ከአገር ሲወጡ ዳኛው ሁለት እጅ ነበራቸው። ኮሚቴው «አንድ እጃቸውን ካጡ ወዲህ እንደምናውቃቸው ይሁኑ» ከማለት ሌላ ያለው የለም። በፎቶው ላይ የቀኝ እጅጌያቸው ባዶ ነው። ኮታቸው ደግሞ እንደ ሴት ቀሚስ በተቃራኒው ተቆልፏል። አባቴ ይህን አይተው እስኪያስላቸው ሳቁ። «የፔልተን ልብስ ሰፊ! ዳኛውን እንደ አዋላጅ ነው የቆለፈው!» ብለው፣ ቁልፉን በትክክለኛው በኩል አደረጉትና የቀረውን ሁሉ እንደ ፎቶው አበጁ። ዳኛው ምስክር ሲያስምሉ ነው የሚሠሯቸው፤ የተረፈችው ግራ እጅ ወደ ላይ ተነሥታ። «ቀኝ እጁን ያጣ ፍትሕ!» ይላሉ ለጎብኚ ሁሉ።

እስቲ ንገረኝ፣ እጃቸውን ምን በላው? በተረፈው ጭቃ እኔም የኦሬስተን ጭንቅላት እየሠራሁ ነው። ለማንም አትንገር። ጆሮው ተዋጥቶልኛል።

ኤሌክታ

*

ፔልተን፣ ቨርሞንት፣ ሜይ 14 ቀን 1851

ውድ ኤሌክታ፣

እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ላሟ ብቻ ደህና አይደለችም። እናቴ ወንድሜ ይመጣል ብላ የእንግዳውን ክፍል ግድግዳ በአዲስ ወረቀት አስለብሳለች፤ ሰማያዊ ነው፣ ወፎች አሉበት። ማንንም አታስገባም።

እጃቸውን የበላው የገዛ የእንጨት መሰንጠቂያ ቤታቸው መጋዝ ነው፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት። ዳኛው የተቆረጠውን እጅ በሣጥን አድርገው በወግ ካልተቀበረ ብለው፣ ፓስተር ባስኮም ደግሞ «ለሙሉ ሰው እንጂ ለቅንጣቢ አልጸልይም» ብለው ሲጨቃጨቁ፣ ሣጥኑን ውሻ ይዞት ሊሄድ ነበር።

ግን ኤሌክታ፣ ያጡት ግራውን ነው! ቀኙማ ከመሞታቸው በፊት በነበረው ሳምንት እንኳ ፍርድ ቤት ሲነሣ ነበር። በዚህ ከተማ ያ ቀኝ እጅ ያላስማለው ሰው የለም፤ እኔንም በፖም ስርቆት አስምሎኛል። ዳኛውን ያነሣቸው ፎቶ አንሺ ትናንት በዚህ ሲያልፍ ጠየቅሁት። «ሰሌዳው እንደ መስታወት ይገለብጣል፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ይወጣል» አለኝ። የኮቱም ነገር ያው ነው፤ ልብስ ሰፊያችን አልበደለም። እዚህ ማንም ልብ ሳይል የቀረው ሰውዬውን ስለምናውቀው ነው፤ ፎቶውን ስናይ የምናየው ፎቶውን ሳይሆን እሳቸውን ነው።

ዛሬውኑ ለአጎቴ ንገሪያቸው። ገና ጭቃ ነው ብለሻል፣ ጭቃ ይስተካከላል። ግራ እጁን አንሥቶ የሚያስምል ዳኛ ፔልተን ላይ ከቆመማ፣ ፓስተር ባስኮም በገዛ መጥረቢያቸው ነው የሚመጡት።

ዛዶክ

*

ፍሎረንስ፣ ኦገስት 20 ቀን 1851

ዛዶክ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። በሁለተኛው «አጎቴ ምን አሉ?» ብለሃል። ምንም አላሉም። አልነገርኳቸውማ።

ቆይ፣ አትቆጣ። የመጀመሪያው ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት ደብዳቤያችን ከሚደርስበት ባንክ ቤት እስከ ቤታችን እየሳቅኩ ነው የሮጥኩት። እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው መንገድ ላይ አሰናዳሁ፤ መጀመሪያ ልብስ ሰፊውን ይቅርታ እንዲጠይቁ ላደርግ ነበር። ስገባ እንግዶች አሉ። ሁለት ፓስተሮች፣ ሁለት የፓስተር ሚስቶች። አባቴ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ የደበቅሁትን የኦሬስተን ጭንቅላት አግኝተውት መሐል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውታል።

«ልጄ ናት የሠራችው» አሉ።

ዛዶክ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አለኝ።

ከዚያ አውራ ጣታቸውን አፍንጫው ላይ አሳርፈው ቀስ አድርገው ገፉት፤ አፍንጫው አፉ ውስጥ እስኪገባ። «ሴት ልጅ ጭቃ ስትነካ የሚወጣው የኬክ ሊጥ ነው፤ ምድጃ ውስጥ ብንከተው እንበላው ነበር» አሉ። ፓስተሮቹ ሳቁ። ሚስቶቻቸው ባሎቻቸው መሳቃቸውን አይተው ሳቁ። ኦሬስተ ከጓሮ በር ላይ ሆኖ የራሱ ፊት ሲጨፈለቅ አየ፤ እሱ አልሳቀም። እኔ ግን ሳቅኩ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ። ደብዳቤህ ደረቴ ውስጥ ነበር። እዚያው ቀረ።

ክፉ አድርገህ እንዳታስበኝ፤ ዕድል ሰጥቻቸዋለሁ። ከሳምንት በኋላ ቁርስ ላይ «አባባ፣ ከኦሬስተ ጋር መጥረብ ልማር?» አልኳቸው። እሺ ቢሉኝ ደብዳቤህን ሳህናቸው ላይ ላስቀምጠው ነበር፤ እምልልሃለሁ፣ በየትኛው እጅ እንደምምል አንተው ምረጥ። ዳቦአቸውን እያላመጡ «ፔልተን ስንገባ አክስትሽ ስፌት ታስተምርሻለች፤ ያኔ ለእጅሽ ሥራ ይገኛል» አሉኝ።

ስለዚህ ትንሽ ይቆዩ። ጭቃው እንዳይደርቅ በየማለዳው ውሃ የምረጭለት እኔ ነኝ። ጨርቁን ስገልጥ ያ የተሳሳተ እጅ ተነሥቶ «እንደምን አደርሽ» ይለኛል። «ይመስገን፣ እርስዎስ?» እለዋለሁ። ወደ ጀሶ ሊገለበጥ ገና ነው። በመጨረሻዋ ሰዓት ነግሬያቸው ፊታቸው ሲቀላ አይቼ፣ ከዚያ እረካለሁ።

«አንቺ ካልነገርሽ እኔ ራሴ እጽፍላቸዋለሁ» ብለሃል። ጻፋ። ከባንክ ቤት ደብዳቤ የማመጣው እኔ ነኝ።

ኤሌክታ

*

ፔልተን፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1851

ኤሌክታ፣

ስለ ላሟ አልጠየቅሽም፤ ሞታለች። አሁን ስለ ሌላ ነገር እናውራ።

አጎቴ ለኮሚቴው የጻፉት ትናንት ደረሰ፣ እኔ ነኝ በስብሰባው ያነበብኩት። ጀሶው አልቋል፣ እብነ በረዱ ተመርጧል፣ ጥርበቱ ይጀመራል ይላል። ስለ እጁ አንድ ቃል የለም። በሴፕቴምበር የጻፍኩላቸውን አልሰጠሻቸውም ማለት ነው። ወይ አቃጠልሽው፣ ወይ ጸጉርሽን ጠቀለልሽበት።

«ለምን ለኮሚቴው አትነግርም?» ብለሽ እንዳትመልሽልኝ። ብነግር ሥራውን ይነጥቋቸዋል፤ ሰማያዊው ክፍልም ባዶውን ይቀራል። እናቴ በየቅዳሜው ወፎቹን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ንገሪያቸው። ጭንቅላቱን ስለጨፈለቁብሽ አዝናለሁ። ጭቃ ነበር ግን። ይሄ ሰው ነው።

ዛዶክ

*

ፍሎረንስ፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 1852

ዛዶክ፣

ጸጉሬን አልጠቀለልኩበትም። ለአባቴ የጻፍከው ሣጥኔ ውስጥ ነው፣ ማኅተሙ አልተነካም። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

ሞክሬያለሁ። በገና ሰሞን ነው። እንግዶች ነበሩ፣ አባቴ ዱቄታቸውን ነስንሰው «ይህ ሰው ቀኝ እጁን ለሕግ ሰጠ» የምትለዋን ንግግር እያደረጉ ነበር። (ለመሰንጠቂያው ነው የሰጠው፤ ግን ይሁን።) እኔም በሰው ፊት «አባባ፣ ያጡት ግራውን ቢሆንስ?» አልኩ። በሰው ፊት ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ እሳቸው እኔን ያዋረዱኝ በሰው ፊት አይደለም እንዴ?

«ፎቶግራፍ አይዋሽም፤ ሴት ልጅ ግን ትዋሻለች» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እንግዶቹ ሲሄዱ በጥፊ መቱኝ። ጥፊው ግማሹ ጆሮዬን ግማሹ አየሩን ነው ያገኘው፤ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ዓይናቸው እየደከመ ነው ዛዶክ። መነጽር አላቸው፣ ግን ሰው ካለ አያደርጉትም። ይሄን ሁሉ ወር የዳኛውን ፊት ያበጁት በጣታቸው እየዳሰሱ ነው።

በማግሥቱ ለእኔ የጻፍከውን የመጀመሪያውን ደብዳቤ ይዤ ወደ ኦሬስተ ሄድኩና በጣልያንኛ አነበብኩለት። ሁለቴ አስነበበኝ። ከዚያ ወደ እብነ በረዱ ዞረ። ቀኝ ትከሻው ተጠርቦ ወርዷል፤ ባዶው እጅጌ ከነእጥፋቱ ወጥቷል።

«ከድንጋይ ላይ እቀንሳለሁ እንጂ ልጨምርበት አልችልም» አለኝ። «ከአምስት ሳምንት በፊት ብትነግሪኝ እኮ ትከሻው ሙሉ ነበር።»

ከአምስት ሳምንት በፊት እዚያው ድንጋይ ሥር ቆሜ የፓስተሩን ሚስት አረማመድ እያስመሰልኩ ኦሬስተን በሳቅ እያፈረስኩት ነበር።

«ሌላ ድንጋይ ያስመጡ» አልኩት።

«ሌላ ድንጋይ ይመጣል። ሌላ ዓይን ከየት ይመጣል? ከዚህ በኋላ ጭቃ የሚያበጁ ይመስልሻል?» አለና መሮውን አነሣ። ሥራውን ቀጠለ ዛዶክ፤ እያወቀ።

አሁን ብነግራቸው ምን ያተርፋሉ? ምናልባት ሰው አያስተውል ይሆናል። ዳኛው ከሞቱ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው፤ ሰው ይረሳል። እንደሚረሳ ጻፍልኝ።

ኤሌክታ

*

ፔልተን፣ ጁላይ 6 ቀን 1852

ኤሌክታ፣

በኋለኛው ደብዳቤሽ «በነጻነት ቀን ዝናብ ቢጥልስ?» ብለሻል። አልጣለም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ሁሉም ደህና አድርጎ አየ።

ሐውልቱን የሸፈነው ጨርቅ ሲወርድ ባንዱ ሁለት መስመር ያህል ተጫወተ፤ መጀመሪያ መለከቱ አቆመ፣ ከዚያ ሌላው። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከዚያ በመሰንጠቂያው የሚሠሩት፣ ጆሯቸው የማይሰማው ሽማግሌ ጄቤዝ፣ የሚያንሾካሽኩ መስሏቸው «መቃብር ውስጥ በቀለለት እንዴ? ሌላኛውን ደግሞ ማን ቆረጠበት?» አሉ። ሳቁ ከዚያ ተነሣ። ሰው ተደጋግፎ ሳቀ። ልጆች እስከ ማታ ግራ እጃቸውን እያነሡ እርስ በርስ ሲማማሉ ዋሉ።

ወይዘሮ ታትል አልሳቁም። ወጥተው ያንን ባዶ እጅጌ ነኩት። «አሥራ አንድ ዓመት ሥጋ የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። ይሄ የማን ባል ነው?» አሉ። በማግሥቱ ዳኛውን በበሬ ጋሪ ጭነው የመሰንጠቂያው ጎተራ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አቆሟቸው። የታችኛው ከተማ ጋዜጣ ሥዕል አድርጎ አውጥቶታል። እናቴ ሰማያዊውን ክፍል ቆልፋ ቁልፉን የት እንዳደረገችው አላውቅም።

አሁን የምነግርሽን ተቀምጠሽ አንብቢ። ኮሚቴው «ስታርክዌዘር በድህነቱ የናቅነውን ሊበቀለን ሆን ብሎ ሠራው» ሊል ነበር፤ እንዲህ ተብሎ በየጋዜጣው ሊወጣ። ተነሣሁና ሁሉን ተናገርኩ። በየትኛው ወር እንደጻፍኩልሽ፣ ምን እንደመለስሽልኝ። ሁለታችሁም ከምትጠፉ አንቺ ብትጠፊ ይሻላል አልኩ። የኮሚቴው ደብዳቤ በዚሁ መርከብ ለአጎቴ ተልኳል፤ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። አንድም «ክቡር» የለበትም።

ይቅር በይኝ አልልም። አንቺም አላልሽም።

ዛዶክ

*

ፍሎረንስ፣ ኦገስት 9 ቀን 1852

ዛዶክ፣

በችኮላ ነው የምጽፈው፣ ለጽሕፈቴ ይቅርታ። መናገርህን አልቀየምኩም። በአንተ ቦታ ብሆን ኖሮ ቀደም ብዬ እናገር ነበር፣ ባይሆን ለሳቁ ስል።

ዛሬ ባንክ ቤት ስደርስ አባቴ ቀድመውኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ዛሬ ይመጣል» እያሉ ጢማቸውን ሲያስተካክሉ ነበር። ጓዛችን ግማሹ ታስሯል፤ ለባንዱ መልስ የሚሆን ንግግርም አጥንተዋል፣ እኔ ነኝ ያስጠናኋቸው። የአንተን ለእኔ ሰጡኝ፣ የኮሚቴውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ብቻዬን አልከፍተውም! አገሬ የጻፈችልኝን ሰው ሁሉ ይስማው!» አሉ። የአንተን እየሄድኩ አነበብኩት። አንድ ግንብ ጋር ስደርስ ተደግፌ ቆምኩ።

ከሰዓት በኋላ በዚህ ከተማ ያለ አሜሪካዊ ሁሉ ቤታችን ነበር። ኦሬስተም የእሑድ ኮቱን ለብሶ መጣ። አባቴ በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከእንግዶች መሐል አስቀመጡት፤ «የእኔ እጅ ይሄ ነው» አሏቸው፣ በሰው ፊት። ለምን ዛሬ?

መነጽር በሰው ፊት አይሆንማ። ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። «ልጄ ታንብብልን።»

አነበብኩ። ወረቀቱ «የከተማችን መሳለቂያ» ይላል፤ እኔ «የከተማችን ኩራት» አልኩ። ወረቀቱ ስለ ጎተራው ይላል፤ እኔ ስለ አበባ አክሊል። ወይዘሮ ታትል እግሩ ሥር ወድቀው «ባሌ ተመለሰልኝ» እንዳሉ፣ ሽማግሌው ጄቤዝ ባርኔጣቸውን እንደወረወሩ። አንተ ታውቃለህ፣ ምላሴ አያንሰኝም። «ስሕተቱ ባለፈው ዓመት ለልጅዎ ለኤሌክታ በጽሑፍ ተነግሯት ነበር» የሚለው ጋ ስደርስ «ለልጅዎ ለኤሌክታ የከበረ ሰላምታችን ይድረሳት» ብዬ እጅ ነሣሁ። አጨበጨቡልኝ። አንዲት ወይዘሮ አለቀሱ። ኦሬስተ እንግሊዝኛ አይገባውም፤ ግን ፊቴን አየ፣ ከዚያ ጫማውን።

ለእሳቸው ብዬ ነው እንዳልልህ። ግማሹ ለእኔ ነው። የትኛው ግማሽ እንደሚበልጥ አላውቅም።

አባቴ ግንባሬን ሳሙኝ። «ዓይኔ እሷ ናት» አሏቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ዛዶክ። ከዚያ «አምጪው፣ ልጄ፤ በኋላ ብቻዬን ደግሞ አጣጥመዋለሁ» ብለው ከእጄ ወስደው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ልነጥቃቸው ፈልጌ ነበር፤ እንግዶቹ እጄን ይጨብጡ ነበር።

አሁን ሁሉም ሄደዋል። ኦሬስተ ወንበሮቹን እየሰበሰበ ነው። አባቴ እዚያኛው ክፍል መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። የመነጽሩ ማኅደር ሲከፈት ሰማሁት። ደብዳቤው ሦስት ወረቀት ነው፤ የገለበጥከው አንተ ስለሆንክ ታውቀዋለህ። የመጀመሪያውን ሲጀምሩ እየዘፈኑ ነበር። ለመንገር ዓመት ከሁለት ወር ያህል ነበረኝ፤ አሁን አንድ ወረቀት ያህል ጊዜ አለኝ፣ እሱንም ለአንተ በመጻፍ ጨረስኩት።

ዘፈኑ ቆሟል። ሁለተኛው ተገለበጠ። ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት፣ በጣታቸው እየተከተሉ ይመስለኛል። ኦሬስተም ወንበር ማንሣቱን ተወ።

ሦስተኛው ላይ ነው ስሜ ያለው። ተገለበጠ።

«ኤሌክታ» አሉ። አልጮሁም።